«እሺ» ከማለታችን በፊት

አዲሱ የትምህርት ዓመት ከመጀመሩ ከወራት በፊት በብዙ ቤቶቻችን የሚደርስ ደብዳቤ አለ። በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው። ቀንና ሰዓት ቆርጦ ወላጆችን «ቫዓዳት ዛካኡት ቬኢፊዩን» ወደሚባል ስብሰባ ይጠራል። ብዙ እናቶችና አባቶች ከደብዳቤው የሚረዱት «የልጁ የትምህርት ጉዳይ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። በዚያ ስብሰባ የሚታየው ግን ልጁ የልዩ ትምህርት አገልግሎት ይገባዋል ወይ፣ የሚገባውስ ከሆነ ምን ያህልና በምን ዓይነት ክፍል የሚለው ነው። ስብሰባው አንድ ሰዓት ላይሞላ ይችላል፤ ውጤቱ ግን ልጁን እስከ ባግሩት፣ እስከ ሠራዊት፣ እኛ አሁን እስከተቀመጥንበት የዩኒቨርሲቲ ወንበር ድረስ ሊከተለው ይችላል።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው የልዩ ትምህርት ሕጉን ለመቃወም አይደለም። ሕጉ ጥሩ ነው። በተለይ በ2018 ከተሻሻለ ወዲህ ለወላጅ የሚሰጠው ሥልጣን ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ነው። የእኛ አቤቱታ ይህ ሥልጣን ወደ ብዙዎቹ ቤተሰቦቻችን እጅ ሳይደርስ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ወላጁ ያልገባውን ምርጫ መርጧል ማለት አይቻልም።

በመጀመሪያ ሕጉ ከየት እንደመጣ በአጭሩ እንይ። ክኔሴት የልዩ ትምህርት ሕግን ያጸደቀው በ1988 ነው። ሕጉ ከ3 እስከ 21 ዓመት ያሉ፣ በአካል፣ በአእምሮ፣ በስሜት ወይም በባሕርይ ችግር ምክንያት የተለየ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ያለ ክፍያ ልዩ ትምህርት እንዲያገኙ ደነገገ። በዚያ ዘመን ግን ድጋፉ ልጁን ሳይሆን ቦታውን የሚከተል ነበር። ልጁ በልዩ ትምህርት ቤት ከተቀመጠ ሁሉ ነገር ይሟላለታል፤ ወላጆቹ ከጎረቤት ልጆች ጋር በሰፈሩ ትምህርት ቤት ይማርልን ካሉ ግን ብዙ ጊዜ ወጪውን ራሳቸው ይሸከሙ ነበር።

ይህን የለወጡት ወላጆች ናቸው። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት «ያቴድ» የተባለው ማኅበር የትምህርት ሚኒስቴርን በከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2002 ፍርድ ቤቱ፣ በዳኛ ዳልያ ዶርነር በተጻፈው ውሳኔ፣ በመደበኛ ክፍል የተቀላቀለ ልጅም ነጻ የልዩ ትምህርት ድጋፍ የማግኘት መብት እንዳለው በየነ። በዚያው ዓመት ክኔሴት ስለ «ሺሉቭ»፣ ማለትም ልጆቹ በመደበኛ ክፍል ተቀላቅለው ስለሚማሩበት ሁኔታ፣ አንድ ምዕራፍ በሕጉ ላይ ጨመረ። ዳኛዋ ጡረታ ከወጡ በኋላ የመሩት የሕዝብ ኮሚቴ በ2009 ሪፖርቱን ሲያቀርብ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ አሳሰበ፦ በጀቱ ልጁን ይከተል፤ ወላጅም የትምህርቱን ዓይነት ይምረጥ። ይህ ሐሳብ ሕግ ለመሆን ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። በ2018 የወጣው 11ኛው ማሻሻያ ከ2019 የትምህርት ዓመት ጀምሮ ከሰሜኑ አውራጃ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ በሥራ ላይ ዋለ።

ዛሬ ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። ቫዓዳው፣ የአካባቢው አስተዳደር ተወካይና የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ያሉበት ጉባኤ፣ ልጁ አገልግሎቱ ይገባው እንደሆነና ምን ያህል ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ይወስናል። ይገባዋል ከተባለ በኋላ ግን ከሦስት መንገዶች አንዱን የሚመርጠው ወላጅ ነው። አንደኛው መደበኛ ክፍል ነው፤ ልጁ «ሳል» የሚባለውን የድጋፍ ጥቅል፣ ለምሳሌ ሳያዓት ወይም ተጨማሪ የማስተማሪያ ሰዓትና ሕክምና፣ ይዞ ይገባል። ሁለተኛው በመደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል ነው፤ «ኪታ ክታና» የምንለው። ሦስተኛው የልዩ ትምህርት ትምህርት ቤት ነው። ቫዓዳው ከወላጅ ምርጫ መውጣት የሚችለው ለየት ባለ ምክንያት ብቻ ነው። ቀለል ያለ ድጋፍ የሚበቃው ልጅ ደግሞ ወደ ቫዓዳ ሳይሄድ፣ በራሱ ትምህርት ቤት ያለው የባለሙያዎች ቡድን ወላጆቹን ጠርቶ ድጋፉን ሊወስንለት ይችላል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል። ወደ ቤታችን ሲመጣ ግን የመጀመሪያው መሰናክል ቋንቋ ነው። ቋንቋ ስንል ዕብራይስጥ አለማወቅን ብቻ ማለታችን አይደለም። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ምን እንደሚሆን አስተውሉ። በአማርኛ «ልዩ» የምስጋና ቃል ነው። ልዩ እንግዳ፣ ልዩ ስጦታ፣ ልዩ ቀን እንላለን። አንዲት እናት «ልጅሽ ልዩ ትምህርት ያስፈልገዋል» ስትባል ልጇ የተመሰገነላት ቢመስላት ምን ይገርማል? «ኪታ ክታና»ም ቃል በቃል «ትንሽ ክፍል» ነው። 30 እና ከዚያ በላይ ልጆች ከታጨቁበት ክፍል ይልቅ ጥቂት ልጆች ያሉበትን ክፍል ማን ይጠላል? በትክክል የተተረጎመ ቃል ወላጅን በትክክል ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቃል የሚመልስ ሰው ብቻ አይደለም፤ «ይህን ከፈረሙ ልጅዎ ከነገ ጀምሮ ከእነማን ጋር ይቀመጣል፣ የትኛውን ትምህርት በምን ደረጃ ይማራል፣ መመለስ ቢፈልግስ እንዴት ይመለሳል» ብሎ የሚያስረዳ ሰው ነው።

በብዙ ቦታ ግን ይህ ሰው የለም። ሜጋሼር ያለባቸው ከተሞች አሉ፤ የሌለባቸውም አሉ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በ10 እና በ12 ዓመታችን የቤተሰባችን አስተርጓሚ ነበርን፤ በባንክ፣ በኩፓት ሖሊም፣ በወላጆች ስብሰባ። ስለ ታናሽ ወንድሙ የሚነገረውን ለእናቱ የሚያስተረጉም ልጅ ከባዱን ነገር ያለዝባል ወይም ይዘለዋል። ስለ ራሱ የሚነገረውን የሚያስተረጉም ልጅማ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። የሕፃን ትከሻ ይህን መሸከም የለበትም።

ሁለተኛው መሰናክል አክብሮታችን ነው። ወላጆቻችን ያደጉት መምህር በሚከበርበት አገር ነው። አስተማሪ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው፤ በተሰበሰቡ ባለሙያዎች ፊት «አልተስማማሁም» ማለት ደግሞ ከነውርም ይብሳል። ስለዚህ «እሺ» ይላሉ። በእኛ ዘንድ «እሺ» ብዙ ነገር ነው፦ ሰምቻለሁ፣ አክብሬአችኋለሁ፣ ላስብበት፣ ላስቀይማችሁ አልፈልግም። አንዳንዴም በትሕትና የተነገረ «አይሆንም» ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል፦ «ወላጆች ተስማምተዋል»። ከዚያ በኋላ አባትየው ቤት ገብቶ ሲቆዝም የሚያየው የለም፤ ፊርማው ግን በፋይሉ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው መሰናክል የምርመራው፣ የ«ኢቭኹኑ» ነገር ነው። ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ደፋ፣ ዓይኑን ሰበር እንዲያደርግ በብዙ ቤቶቻችን ይማራል። ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ሲጠየቅም አስቦ በአጭሩ ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ጨዋ» እንለዋለን። ባህሉን በማያውቅ መርማሪ ወረቀት ላይ ግን ያው ልጅ «ዓይን ለዓይን አይገናኝም፣ ተነሣሽነት የለውም፣ የቋንቋ ክምችቱ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ያየው ነገር ሐሰት አይደለም፤ የሰጠው ትርጉም ግን ሊሳሳት ይችላል።

ይህ የእኛ ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ በዚሁ አገር ሳይንስም መልስ ተሰጥቶበታል። በኢየሩሳሌም የሠሩት ፕሮፌሰር ሬውቬን ፎየርሽታይን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሟገቱለት ሐሳብ ቀላል ነው፦ ልጅ ዛሬ የሚያውቀውን ብቻ አትለኩ፤ ሲያስተምሩት ምን ያህል እንደሚማር ለኩ። መርማሪው በፈተናው መካከል ያስተምራል፣ ያሳያል፣ እንደገና ይፈትናል። በዚህ መንገድ የተጓዙት የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዴቪድ ጹሪኤል ከባልደረባቸው ጋር በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ የመጡ የ1ኛ ክፍል ልጆችን እዚህ ከተወለዱ እኩዮቻቸው ጋር አነጻጽረዋል። በመጀመሪያው ተራ ፈተና የእኛ ልጆች ዝቅ ብለው ታዩ። ለአጭር ጊዜ ከተማሩ በኋላ ግን ልዩነቱ በጣም ጠበበ። በመጀመሪያው ፈተና ብቻ ተወስኖ ቢሆን ኖሮ የእነዚህ ልጆች ችሎታ ሳይታይ በቀረ ነበር።

«ያ የድሮ ነው፤ ዛሬ ልጆቻችን እዚሁ ተወልደው ዕብራይስጥ አፋቸውን የፈቱበት ናቸው» የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፣ ዛሬ የአብዛኞቹ ልጆቻችን ጉዳይ የአዲስ ዓሊያ ጉዳይ አይደለም። ጥያቄውን የሚያከብደውም ይህ ነው። የኢትዮጵያ ተወላጅ ልጆች በልዩ ትምህርት ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከቁጥራችን ጋር ሲመዛዘን መብዛቱ በክኔሴት ኮሚቴዎች ለብዙ ዓመታት ሲነሣ የኖረ ጉዳይ ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ በአዲስ መጤነት ካልተመዘነ በሌላ ነገር እየተመዘነ ነው ማለት ነው፦ በጠባብ ቤት፣ እናትና አባት በሁለት ፈረቃ በሚሠሩበት ኑሮ፣ ጋን ሲገባ በያዘው የቃል ብዛት፣ አስተማሪው ገና ሳያውቀው ከእሱ በሚጠብቀው ዝቅተኛ ነገር። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ እውነተኛ መፍትሔም ይፈልጋሉ። የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ችግር ግን አይደሉም። የማንበብ እርዳታ የሚበቃውን ልጅ የልዩ ትምህርት ተማሪ ማድረግ ልጁንም ይበድላል፣ በጀቱ በእውነት የሚያስፈልገውን ልጅም ይበድላል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሌላ ገጽታ አለው። ከላይ ያለውን ያነበበ ወላጅ «እንግዲህ የሚሰጡኝን ሁሉ እምቢ ልበል» ብሎ ከደመደመ ይህን ጽሑፍ ባንጽፈው ይሻል ነበር። በማኅበረሰባችን ውስጥ ድጋፍ በእውነት የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ። ኦቲዝም ያለበት፣ መስማት የሚቸግረው፣ ፊደል የሚዘበራረቅበት፣ ትኩረቱን መሰብሰብ የማይችል ልጅ በእኛም ቤት ይወለዳል። ሰው ምን ይለናል፣ እህቱን ማን ያገባታል፣ ታናሹም ላይ ይለጠፍበታል በሚል ፍርሃት ስንት ልጆች ያለ ሕክምና ዓመታት አለፉባቸው! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን አባባል እየተረትን አድገን፣ ለገዛ ልጆቻችን ሲሆን እንረሳዋለን። ጥርጣሬያችን ከባዶ አልመጣም፤ በዚህ አገር ያየነው ነገር አስተምሮናል። ይሁን እንጂ በመንግሥት ላይ ያለን ቅሬታ ዋጋውን ሊያስከፍል የሚገባው የ6 ዓመት ልጅን አይደለም። በ3 እና በ4 ዓመቱ የንግግር ሕክምና ያገኘ ልጅ 1ኛ ክፍል ሲገባ የሚለየው ብዙ ነው። ለአንዳንድ ልጅ ደግሞ ልዩ ትምህርት ቤቱ በእውነት የተሻለ ቤት ነው፤ ይህን አውቆ የመረጠ ወላጅ አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ከ«የትኛው ክፍል?» በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «ምን ዓይነት እርዳታ?» የሚለው ነው። ሕጉ ራሱ የተሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ድጋፍ፣ ከዚያ ቦታው። ወላጆቻችን የሚጠየቁት ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ነው፤ ቦታው ታስቦ አልቆ ፊርማ ሲቀር።

የአስተማሪዎቹንም ጭንቀት አንክድም። ከእኛ መካከል በመምህርነት ልምምድ ላይ ያሉ አሉ። በተጨናነቀ ክፍል፣ ያለ ሳያዓት፣ የንግግርና የሙያ ሕክምና ባለሙያ በጠፋበት ትምህርት ቤት፣ «ሺሉቭ» የሚለው ቃል ለአስተማሪዋ ሸክም ለልጁም ብቸኝነት ሊሆን ይችላል። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀለም ሲቀባ የሚውል ልጅ ተቀላቅሏል አይባልም። ሳል ተፈቅዶለት ሰዓቱ ያልተሰጠው ልጅም መብቱን አላገኘም። ይህ የበጀትና የሰው ኃይል ጥያቄ ነው፤ መልሱም ልጁን ከክፍል ማውጣት ሳይሆን የተፈቀደለትን ማሟላት ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ከአካባቢ አስተዳደሮችና ከትምህርት ሚኒስቴር፦ ወደ ኢትዮጵያ ተወላጅ ቤተሰብ የሚላክ ጥሪ ወላጁ በሚያነበው ወይም በሚሰማው ቋንቋ ይድረስ፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ስልክ ተደውሎ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይነገር። በቫዓዳው ላይ ባህሉን የሚያውቅ፣ ከትምህርት ቤቱ ያልታዘዘ አስተርጓሚ ይገኝ፤ ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ እንዳይቀርብ በግልጽ ይከልከል። ውሳኔ የሚመሠረትበት ምርመራ ልጁ ሲማር የሚያሳየውን ለውጥ ይጨምር። ከየከተማው ስንት ልጆቻችን ወደ ልዩ ክፍል እንደገቡና ስንቶቹ እንደተመለሱ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ።

ከትምህርት ቤቶች የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጁን ወደ ቫዓዳ ከመላክ በፊት በክፍሉ ውስጥ ምን እንደተሞከረ፣ ለስንት ጊዜ፣ ምንስ እንዳመጣ በጽሑፍ ያሳዩን። «ሞክረን ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም።

ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ደግሞ በአክብሮት እንዲህ እንላለን። የልጅዎ የሥነ ልቦና ምርመራ ያለ እርስዎ ፈቃድ አይደረግም። በቫዓዳው ፊት ቀርቦ መናገር መብትዎ ነው፤ የሚያምኑትን ሰው ይዘው መሄድም እንዲሁ። ለቫዓዳው የቀረቡትን ወረቀቶች ይጠይቁ፤ ቤት ወስደው ለሚያነብልዎ ሰው ያሳዩ። በስብሰባው ላይ አምስት ጥያቄዎችን ሳይጠይቁ አይውጡ፦ የልጄ ችግር በትክክል ምንድን ነው? እስካሁን ምን ተሞከረ? በመደበኛ ክፍል ቢቆይ ምን ድጋፍ ያገኛል? በልዩ ክፍል ቢገባ የሚቀርበት ትምህርት አለ? መቼ እንደገና ይታያል? ካልገባዎት «አልገባኝም» ይበሉ፤ ካልወሰኑ «ላስብበት» ይበሉ። ይህ ድፍረት አይደለም፣ የወላጅ ሥራ ነው። ውሳኔው ቢያሳዝንዎ ከተነገረዎ ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ይግባኝ፣ በዕብራይስጡ «ሀሳጋ»፣ ማቅረብ ይችላሉ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡት፤ ቀኑ ይቆጠራል። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላልና።

የመጨረሻው ቃላችን ለራሳችን፣ ለተማሪዎቹ ነው። ዛሬ በየካምፓሱ ሕግ፣ ሥነ ልቦና፣ ማኅበራዊ ሥራ፣ ትምህርት፣ የንግግር ሕክምና የምንማር አለን። ወላጆቻችን ያላገኙትን ነገር፣ የሥርዓቱን ቋንቋ፣ ይዘናል፤ ሥርዓቱ የሌለውን የቤታችንን ቋንቋም ገና አልጣልነውም። በሁለቱ መካከል መቆም የምንችል ሰዎች ብዙ አይደለንም። ስለዚህ በየከተማችን፣ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ወደ ቫዓዳ ለሚጠራ ቤተሰብ ሁሉ አብሮ የሚቀመጥ ሰው እንዲኖር እንደራጅ። ከስብሰባው በፊት ወረቀቱን አብረን እናንብብ፤ በስብሰባው ላይ አጠገባቸው እንቀመጥ፤ ከስብሰባው በኋላም የተፈቀደው ሰዓት በተግባር መሰጠቱን እንከታተል። እኛ የምንወስንላቸው ነገር የለም። ሕጉ የሰጣቸውን ውሳኔ ራሳቸው እንዲወስኑ፣ «እሺ» ሲሉም «እምቢ» ሲሉም አውቀው እንዲሉ እናግዛቸው።